ሰርገኛ ሳይመጣ በርበሬ እንቀንጥስ

(ስለ ወረርሽኝና ስለ ጤና ጣቢያ ሂሳብ፤ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍሉ ሲነሳ ሁላችሁም የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ በቁጥጥር ኮሚቴው ታይቶ በእጃችሁ ስለገባ ደግመን አናነበውም። ዛሬ ልንነጋገር የፈለግነው ስለ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ስለ ጤና ጣቢያ ሂሳብ። በዛሬው አጀንዳ ላይ የማኅበራዊ ፈንዳችን ተቀማጭ በምን ላይ ይዋል የሚል ጥያቄ አለ። አንዳንዶቻችን እንደለመድነው በበዓላት ዘይትና ዱቄት ይከፋፈልበት እንላለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ለጤና ይዋል እንላለን። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት በኮቪድ ዘመን በአገራችንና አቅማቸው እንደኛ በሆኑ አገሮች የጤና ገንዘብ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አብረን ብናይ ለውሳኔያችን ይረዳናል።

ሁለት ዓይነት ሞት

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛም ሳምንታዊ ስብሰባችንን አቋርጠን ቁጠባችንን በየቡድን ሰብሳቢዎቻችን በኩል ከደጃፍ መሰብሰብ ጀመርን። ጉልት የሚቸረችሩ፣ እንጀራ የሚሸጡ፣ በየቤቱ ልብስ የሚያጥቡ እህቶቻችን ገበያቸው ሲቀዘቅዝ ምን ያህል እንደተጨነቅን ሁላችንም እናስታውሳለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ የአርበኞችን ቀን በምናከብርበት ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ በአገራችን በምርመራ የተረጋገጠው የታማሚ ቁጥር ወደ 500,000 ደርሶ ነበር። የሞቱት ደግሞ ከ7,500 በላይ ናቸው። ይህ የተመዘገበው ነው። ሳይመረመሩ የታመሙና በየቤታቸው ያረፉ በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ግን በሂሳብ ሥራ አንድ ዓምድ ብቻ አይነበብም። ወረርሽኝ ሁለት ዓይነት ሞት ያመጣል። አንደኛው በበሽታው የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የጤና ተቋሙ ሌላ ሥራውን ማከናወን ሲያቅተው የሚመጣው ነው። ክትባት ያመለጠው ሕፃን፣ ደም እየፈሰሳት ቤቷ የቀረች ወላድ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒቷ ያለቀባት እናት፣ የቲቢ መድኃኒቱን ያቋረጠ አባወራ በዚህኛው ዓምድ ውስጥ ይገባሉ።

ይህን ዓለም አስቀድሞ አይቶታል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ተዛምቶ ከ28,000 በላይ ሰው ያዘ፤ ከ11,000 በላይ ሰው ገደለ። ቆይቶ ተመራማሪዎች ሂሳቡን ሲያወራርዱ በእነዚሁ አገሮች በወባ፣ በቲቢና በኤችአይቪ ሕክምና መቋረጥ ምክንያት የሞተው ተጨማሪ ሰው በኢቦላ ከሞተው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። እናቶች በጤና ተቋም መውለድ ፈርተው ነበር። ነርሶችና አዋላጆች ራሳቸው በበሽታው አልቀዋል። ኢቦላ ሲጠፋ የሞቱት አዋላጆች ተመልሰው አልመጡም።

በእኛም አገር ያው ፍርሃት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤና ጣቢያ መሄድ በሽታውን ፍለጋ መሄድ መስሎን ነበር። ላልፈራችውም ሴት መንገዱ ተወደደባት። ታክሲ በግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ የጉዞ ዋጋ በእጥፍ ጨመረ። ለእርግዝና ክትትል አራት ጊዜ መመላለስ ያለባት እናት ሁለት ጊዜ ብቻ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ ስለ ወረርሽኝ ስናስብ ጥያቄያችን በሽታውን እንዴት እናቁም የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። በሽታው እያለም የዘወትሩ አገልግሎት እንዳይቆም ምን ይደረግ የሚለው እኩል ጥያቄ ነው።

የዘመቻ ገንዘብና የዘወትር ወጪ

በመንግሥት ሂሳብ ውስጥ መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ካፒታል በጀት የሚሠራውንና የሚገዛውን ይከፍላል፤ ሕንፃ፣ መኪና፣ ማሽን። መደበኛ በጀት በየወሩ የሚደገመውን ይከፍላል፤ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ ጓንት፣ ሳሙና። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ምጣድ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ጤፍ ማስፈጨትና መብራት መክፈል ሌላ ነገር ነው። ምጣዱን ሰው ሊሰጠን ይችላል። ጤፉን ግን በየሳምንቱ የሚሰጠን የለም።

ወረርሽኝ ሲመጣ በብዛት የሚገኘው ገንዘብ ምጣድ የሚገዛው ዓይነት ነው። ኮቪድ በገባ በሳምንታት ውስጥ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ብድር ነው። የቻይናው ባለሀብት የጃክ ማ ድርጅት ለአፍሪካ አገሮች የላከው ጭምብልና የምርመራ ዕቃ አዲስ አበባ ደርሶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኩል ወደየአገሩ ተከፋፈለ። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ይህ ሁሉ ያስፈልግ ነበር፤ የሰጡትን እናመሰግናለን።

ነገር ግን የሂሳብ ሰው አንድ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ይህን ዕቃ በሚቀጥለው ዓመት የሚያንቀሳቅሰው ወጪ በየትኛው የበጀት መደብ ተይዟል? አንድ የመመርመሪያ ማሽን በስጦታ ቢመጣ የመመርመሪያ ኬሚካሉ በየወሩ ይገዛል፤ ባለሙያው ደመወዝ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል፤ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ በዶላር ይመጣል። ይህ ካልተያዘ ማሽኑ በንብረት መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆጠራል እንጂ ለታማሚው የለም።

ደመወዝም እንዲሁ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በአገራችን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። እነዚህ ሰዎች የዘወትር ሥራ ይሠሩ ነበር። የሚከፈላቸው ግን ቀን በተቆረጠለት ገንዘብ ነበር። እርዳታ ሰጪዎቻችን እዚህ ስላላችሁ ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። የዘወትር ሥራ በዘመቻ ገንዘብ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማሳያ ስለማናገኝ ነው።

ቀድሞ የነበረው ነው የደረሰልን

እንግዲህ በኮቪድ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ምን ሠራ ብለን ብንጠይቅ፣ በሽታው ከመምጣቱ በፊት የነበረው ነገር ነው የሠራው።

ምርመራውን እንውሰድ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በየካቲት 2020 መጀመሪያ ላይ ከአፍሪካ አገሮች ቫይረሱን መመርመር ይችሉ የነበሩት ሴኔጋልና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ። የእኛም የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከዋል። ብዙ ሳይቆይ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ መመርመር ጀመረ፤ ቀጥሎም በየክልሉ ላቦራቶሪዎች ሥራ ጀመሩ። ይህ በወራት ውስጥ ሊሆን የቻለው ለኤችአይቪና ለቲቢ ተብለው ለዓመታት የተደራጁ ላቦራቶሪዎች፣ ማሽኖችና የሠለጠኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የትናንቱ ወጪ ለዛሬው ስንቅ ሆነ።

ከዚያ የሚበልጠው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይመደቡ ተባለ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ነበሩ። ዛሬ ከ30,000 በላይ ደርሰዋል። በወረርሽኙ ጊዜ ቤት ለቤት የዞሩት፣ ትኩሳት የለኩት፣ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ አለ ወይ ብለው የጠየቁት፣ እጅ አስታጥበው ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ቴሌቪዥን ያለው ከቴሌቪዥን ሰማ። ቴሌቪዥን የሌለው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰማ። እሷን ያመናት ደግሞ ከዚያ በፊት ልጁን ስታስከትብ፣ ሚስቱን ስትከታተል ስለሚያውቃት ነው። እምነት በአስቸኳይ ግዢ አይገኝም።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በ2012 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ሊካሄድ ታቅዶ በኮቪድ ምክንያት ተራዝሞ ነበር። ብዙ አገሮች እንዲህ ያለውን ዘመቻ ሲያቆሙት በእኛ አገር በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተካሄደ። ክትባት ሰጪዎቹ ጭምብል አድርገው፣ እጃቸውን እያጸዱ፣ ሰዉን እያራራቁ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ከተቡ። በሽታው እያለ የዘወትሩን ሥራ ማስቀጠል እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው። የተቻለውም መዋቅሩ በመኖሩ ነው።

ላይቤሪያም ከኢቦላ በኋላ የወሰደችው ትምህርት ይኸው ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ መንደሮች ደመወዝ የሚከፈላቸው የማኅበረሰብ ጤና ረዳቶች መመደብ ጀመረች። በነፃ አገልግሉ ከማለት ደመወዝ መክፈል እንደሚያዋጣ ከመከራ ተማረች።

ይህን ስንል ጥሩውን ብቻ አይደለም የምናየው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የኮቪዱ ሥራ ሲጨመርባት የቀድሞው ሥራዋ አልተቀነሰላትም። ብዙ ጊዜ ጭምብልና ሳኒታይዘር የደረሳት ዘግይቶ ነው። እሷም እናት ናት፤ ማታ ወደ ልጆቿ ስትመለስ በሽታ ይዤ እገባለሁ ብላ ትፈራ ነበር። ጦርነት በደረሰባቸው በትግራይ፣ በአማራና በአፋር አካባቢዎች ደግሞ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። በዓመታት የተጠራቀመ ሀብት በሳምንታት ይጠፋል። ሴቶች በጀርባቸው የተሸከሙት መዋቅር ነው ስንል ሸክሙን አብረን ማየት አለብን።

የጤና ጣቢያ ኪስ

አሁን ወደ ራሳችን ጤና ጣቢያ እንምጣ። ጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚያገኘው በዋናነት ከሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ከወረዳው የሚመደብለት በጀት ነው፤ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ሁለተኛው የውስጥ ገቢ ነው፤ ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት የምንከፍለው። የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ከመጣ ወዲህ ጤና ጣቢያው ይህን ገቢ ለራሱ አስቀርቶ መድኃኒት ይገዛበታል፣ ቤቱን ያድስበታል። ሦስተኛው ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚከፈለው ነው። በሌላ በኩል ወሊድን፣ የእርግዝና ክትትልን፣ ክትባትንና የቲቢ ሕክምናን የመሳሰሉት አገልግሎቶች ለእኛ ነፃ ናቸው። ለእኛ ነፃ ይሁኑ እንጂ ለጤና ጣቢያው ነፃ አይደሉም፤ ጓንቱም አልኮሉም ይገዛል።

ወረርሽኝ በዚህ ሂሳብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ታማሚው ፈርቶ ሲቀር የውስጥ ገቢ ይቀንሳል። በዚያው ወር ጭምብል፣ ጓንትና በረኪና ከወትሮው ብዙ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ይንራል። ገቢ ሲወርድ ወጪ ይወጣል። መጠባበቂያ የሌለው ጤና ጣቢያ የሚቆርጠው ከየት ነው? ደመወዝ አይቆረጥም። የሚቆረጠው መድኃኒትና ጥገና ነው። ሰው ፍርሃቱ ለቆት ሲመለስ መድኃኒት የለም ይባላል። መድኃኒት የለም የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። እንዲህ እያለ አንዱ ጉድለት ሌላውን ይወልዳል።

የመድኃኒት አቅርቦቱም እኛ የምናውቀው ዓይነት ሂሳብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የተቋቋመው የአገሪቱ የመድኃኒት ፈንድ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ተቋሙ መድኃኒት በጅምላ ይገዛል፣ ለጤና ተቋማት ይሸጣል፣ የሸጠበትን ሰብስቦ መልሶ ይገዛል። የእኛ የብድር ሳጥን ማለት ነው። አንድ ቡድን ብድሩን ሳይመልስ ሲቀር ለሚቀጥለው ቡድን የሚሰጥ እንደማይኖር ሁሉ፣ ሆስፒታሉ ካልከፈለ ፈንዱ ይደርቃል። እዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የዓለም ገበያ መዘጋት ሲጨመር ችግሩ ከአገር አቅም በላይ ይሆናል። ክትባቱን ብናይ በኮቫክስ በኩል የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት አገራችን የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። መከተብ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን፣ ልክ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ ነው። ይህ ክትባት ህንድ የተመረተ ነበር። ህንድ ውስጥ በሽታው ሲብስ ወደ ውጭ የሚላከው ክትባት ታገደና ቀጣዩ አቅርቦት ዘገየ። ከሌላ ሰው ጎተራ የሚበላ፣ ባለጎተራው ሲርበው ያድራል።

ከሁሉም የጎዳን ኦክስጅን ነው። በኮቪድ ጊዜ ሰው ኦክስጅን ፍለጋ ሲንከራተት ዓለም ሁሉ አይቷል። ኦክስጅን ግን የኮቪድ ብቻ አይደለም። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ይፈልገዋል፤ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ጨቅላ ይፈልገዋል፤ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ትፈልገዋለች። ቀድሞ ቢኖር ኖሮ በየዓመቱ ሌሎችን ሲያድን ቆይቶ በወረርሽኙም ይደርስ ነበር። አሁንም ያለው ጥያቄ ያው የሂሳብ ጥያቄ ነው። በኮቪድ ገንዘብ የተገዛው የኦክስጅን መሣሪያ ዛሬ መብራቱን ማን ይከፍላል? ማጣሪያውን ማን ይቀይራል? የሚጠግነው ባለሙያ ደመወዙ በማን በጀት ላይ ነው? የእርጅና ቅናሽ የማይያዝለት ንብረት አንድ ቀን ዝም ብሎ ይቆማል።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ቃል ገብተው ነበር። አብዛኞቹ አገሮች እስከ ዛሬ እዚያ አልደረሱም። መንግሥት ያላሟላውን የሚያሟላው የታማሚው ኪስ ነው። የታማሚው ኪስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናት ቀሚስ ጫፍ ላይ የተቋጠረው ብር ነው።

ዕድር ሰው ሲሞት አይገባም

ከኪስ መክፈልን ለማስቀረት አገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንን ጀመረች። ዛሬ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ደርሷል። የመንግሥት ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። አሠራሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕድር የምንገባው ለቅሶ ሳይደርስብን ነው፤ ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ ዕድር ልመዝገብ የሚል የለም። ጤና መድኅንም ጤነኛው ሳይታመም ካልገባና የታመመው ብቻ ከተመዘገበ ገንዘቡ ያልቃል።

በወረርሽኝ ጊዜ ጥቅሙ ሁለት እጥፍ ነው። ለእኛ፣ ገበያ ቆሞ በእጃችን ብር ባይኖርም የታመመ ልጅ ይዘን እንሄዳለን። ለጤና ጣቢያው ደግሞ መዋጮው ቀድሞ የተሰበሰበ ገንዘብ ስለሆነ ለመድኃኒት መግዣ የሚተማመንበት ምንጭ ይሆነዋል።

ችግሩ ያለው መሀል ላይ ነው። እጅግ ድሃ ተብለው በቀበሌ የተለዩ ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የተሻለ ገቢ ያላቸው ራሳቸው ይከፍላሉ። ከሁለቱ መሀል ያለችው፣ እንደ ብዙዎቻችን በቀን ሠርታ በቀን የምትበላ ሴት፣ ድሃ ተብላ አልተመዘገበችም፣ የዓመቱን መዋጮ ደግሞ በአንድ ጊዜ ማውጣት ያቅታታል። በዕድሳት ወቅት ያልከፈለች ሴት መታወቂያዋ ይቃጠላል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለች። በቡድኖቻችን ውስጥ እንዲህ ያሉ እህቶች እንዳሉ የብድር መዝገባችን ይመሰክራል፤ በአስቸኳይ ብድር ከሚጠየቅባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕክምና ነው። ሰው ከታመመ በኋላ ከምናበድር ሳይታመም ብናበድር ገንዘቡም ያንሳል፣ ሰውም ይድናል።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ስለዚህ ከሂሳብ ክፍሉ ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከማኅበራዊ ፈንዱ ተቀማጭ ግማሹ የጤና መድኅን መዋጮ ተዘዋዋሪ ብድር ይሁን። በዕድሳት ወቅት ማኅበሩ ለአባሏ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ አባሏ ከሳምንታዊ ቁጠባዋ ጋር ጥቂት ጥቂት እያለች ያለ ወለድ በዓመቱ ትመልሳለች። የተመለሰው ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል። መመለስ ያልቻለችውን ቡድኗ አይቶ ይወስናል። ይህን ስንወስን የሚቀርብን ነገር እንዳለ አንደብቅም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የምናከፋፍለው ዘይትና ዱቄት ይቀንሳል። በዚያ ዘይት የበዓል ወጧን የምትሠራ እህት መኖሯን እናውቃለን። ለዚህም ነው ሙሉውን ሳይሆን ግማሹን ያልነው።

ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ተመርጠው ጤና ጣቢያው ለኅብረተሰቡ በሚያዘጋጀው መድረክ ላይ በየጊዜው ይገኙ። እዚያ ነጥብ ስንሰጥ የሠራተኛውን ፊት ብቻ አንመልከት። የውስጥ ገቢው ስንት ነው፣ በምን ላይ ዋለ፣ ስንት መድኃኒት ጎደለ፣ የኦክስጅን መሣሪያው ይሠራል ወይ፣ ለድንገተኛ ጊዜ የተያዘ ጓንትና ጭምብል አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ክስ አይደለም። ኃላፊውም ወረዳው ፊት ቀርቦ በጀት ሲጠይቅ የእኛ ጥያቄ ደጋፊ ይሆነዋል።

ሦስተኛው ለውድ ደጋፊዎቻችን ነው። በችግር ቀን ፈጥናችሁ ስለደረሳችሁልን ውለታችሁን አንረሳም። አሁን ደግሞ ችግር በሌለበት ቀን ድረሱልን ብለን እንለምናለን። አዲስ ዕቃ ስትሰጡ ከዋጋው ላይ ለጥገናና ለማንቀሳቀሻ የሚሆን ድርሻ አብራችሁ ያዙ። ሥልጠና ስታዘጋጁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትከፍለውን የትራንስፖርት ወጪ አስቡ። ከምትሰጡን ገንዘብ ውስጥ ጥቂቱን በምን ላይ እንደሚውል እኛው እንድንወስን ተዉልን፤ ወረርሽኝ በዕቅዱ ላይ በተጻፈው የበጀት መደብ በኩል አይገባምና። እያንዳንዱን ሳንቲም በደረሰኝ እናወራርዳለን፤ ይህንን መዝገባችን ይመሰክርልናል።

ይህ ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። የአንድ ሴቶች ማኅበር የብድር ሳጥን የአገርን የጤና ሥርዓት አያጠናክርም ማለት ይቻላል። እውነት ነው፣ በጀት መመደብ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ እኛ በመንግሥት ቦታ አንተካም። ግን ሥርዓት የሚባለው ነገር ሲፈታ የሚገኘው ይኸው ነው፤ ደመወዟ የተከፈላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ መድኃኒት ያለው መደርደሪያ፣ የሚሠራ መሣሪያ፣ ሳትፈራና ሳትበደር የምትመጣ እናት። የመጨረሻዋ በእኛ እጅ ናት።

የሚቀጥለው ወረርሽኝ ምን ዓይነት እንደሚሆን አይታወቅም፤ ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ያልሰማነው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋን ታማሚ የሚቀበለው ግን ትልቁ ሆስፒታል አይሆንም፤ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብን በርበሬውን ዛሬ እንቀንጥስ።

የውሳኔ ሐሳቡ በጽሑፍ ለሰብሳቢዋ ቀርቧል። የምትቃወሙም የምትደግፉም እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ሁላችንም ከተደማመጥን በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።